ማልማትና መጠበቅ፤ ስለ ቅርስ አካባቢ ከዘጌ ገዳማትና ደን የምንማረው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

መግቢያ

አዳም በኤደን ገነት በተቀመጠ ጊዜ ሁለት ሥራ በአንድነት እንደ ተሰጠው ቅዱስ መጽሐፍ ያስተምረናል (ዘፍ. 2፥15)። አንደኛው ማልማት፣ ሁለተኛው መጠበቅ ነው። በዘመናችን ግን እነዚህ ሁለት ሥራዎች እርስ በርሳቸው እንደሚቃረኑ ተደርገው ሲታዩ ይስተዋላል። ቅርስ ይጠበቅ የሚለው ወገን ልማትን ይፈራል፤ ልማት ይምጣ የሚለው ወገን ደግሞ ጥበቃን እንደ እንቅፋት ይቆጥራል። በተለይም የጎብኚ እግር ወደ ገዳማትና አድባራት ሲበዛ ክርክሩ ይጠነክራል። አንዳንዱ «በሩን እንዝጋ» ይላል፤ አንዳንዱ «ገቢው አይቅርብን» ይላል።

የዚህ ትምህርታዊ ጽሑፍ ዓላማ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የገዳማት አስተዳዳሪዎችና በልማት ሥራ የተሰማራን አገልጋዮች ጉዳዩን በሌላ ዓይን እንድንመለከተው ማድረግ ነው። ይኸውም ቅርስን በአንድ ሕንፃ ሳንወስን፣ ሕንፃውን ከከበበው ደን፣ ውኃ፣ መንገድና ሕዝብ ጋር እንደ አንድ አካባቢ ማየት ነው። ለዚህም በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኘውን የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ምሳሌ አድርገን እንወስዳለን።

1. የቅርስ አካባቢ ምን ማለት ነው?

ቅርስ ሲባል ፈጥኖ ወደ አእምሯችን የሚመጣው አንድ መስቀል፣ አንድ የብራና መጽሐፍ ወይም አንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህ ትክክል ቢሆንም ሙሉ አይደለም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንኳ ግዙፍነት ያለውንም ግዙፍነት የሌለውንም ቅርስ ብሎ ይጠራል። ዜማው፣ በዓሉ፣ የእጅ ሙያው፣ የአኗኗር ሥርዐቱ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይካተታል።

የቅርስ አካባቢ የምንለው እነዚህ ሁሉ በአንድ መልክዐ ምድር ላይ ተሳስረው የሚገኙበትን ስፍራ ነው። ከሙዚየም የሚለየው ሰው የሚኖርበት በመሆኑ ነው። ነዋሪው እንዲነሣ ከሚደረግበት ጥብቅ ፓርክም የሚለየው ነዋሪው ራሱ የቅርሱ ክፍልና ጠባቂ በመሆኑ ነው።

አሳቡ በሌላውም ዓለም ተሠርቶበታል። በአሜሪካ በ1984 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ብሔራዊ የቅርስ አካባቢ ተብሎ በሕግ የተሰየመው የኢሊኖይና ሚሺጋን የመርከብ ቦይ ነው። ቦዩ አስቀድሞ ዕቃ ይመላለስበት የነበረ፣ ኋላ ግን ሥራ የፈታ ነበር። ሕጉ ቦዩንና በዳርቻው የሚገኙትን ከተሞች በአንድ ዕቅድ አስተሳሰራቸው እንጂ መሬቱን ከባለቤቶቹ አልወሰደም። ታሪኩን መጠበቅና ለነዋሪው እንጀራ ማስገኘት የአንድ ዕቅድ ሁለት ክንፎች ሆኑ።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ፣ የጣና ሐይቅና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክምችት ሆኖ ተመዝግቧል። ስፋቱም ወደ 700,000 ሄክታር ይጠጋል። በዚህ ክልል ውስጥ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስ፣ በጥንታዊ ብራናዎቹ የታወቀው ክብራን ገብርኤል፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ፣ እንዲሁም የዛሬ ርእሳችን ዘጌ ይገኛሉ።

2. ዘጌ፤ ሥርዐት ያቆመው ደን

ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል የተጓዘ ሰው ዘጌ ሲደርስ በመጀመሪያ የሚያየው ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ደን ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ በትረ ማርያም፣ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስና ሌሎቹም በዛፍ ተሸፍነዋል። ከ1,000 ሄክታር በላይ የሚሸፍነው ይህ ደን በዙሪያው ካለው የታረሰ ምድር ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ዋንዛው፣ ብርብራው፣ ብሳናውና ሾላው ከላይ ጥላ ሆነው፣ ከሥራቸው ቡናው ይበቅላል።

ይህ ደን በአጋጣሚ የተረፈ አይደለም። በአካባቢው አባቶች ዘንድ እንደሚነገረው፣ የገዳሙ መሥራች አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት አድርገው በተከሉ ጊዜ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀሉ። ሕዝቡም በእነዚህ ተክሎች ይኖር ዘንድ፣ መሬቱን በበሬ እንዳያርስና ከብት እንዳያሰማራ ሥርዐት ተሠራ። ማረሻ ያልገባበትና ከብት ያልጋጠው መሬት ደኑን እንደ ያዘ ቆየ።

እንግዲህ ልብ እንበል። የዘጌን ደን ለዘመናት ያቆመው የጥበቃ ሠራተኛ ወይም የሽቦ አጥር አይደለም። ያቆመው በሃይማኖት የተደገፈ፣ በኑሮ የተተረጐመ ሥርዐት ነው። ሥርዐቱ «አትረስ» ብቻ ብሎ አልተወም፤ «በዚህ ኑር» ብሎ ቡናውን ሰጠ። ክልከላውና መተዳደሪያው አብረው መጡ፤ መጠበቁና ማልማቱ አልተለያዩም። የዘጌ ዋና ትምህርት ይህ ነው።

3. ሦስቱ የቤተ ክርስቲያን ክፍላት እንደ አብነት

የባዮስፌር ክምችት በሦስት ክበብ ይከፈላል። መካከለኛው በጥብቅ የሚጠበቀው እምብርት ነው። ቀጥሎ ያለው ለእምብርቱ ከለላ የሚሆንና ለስላሳ ሥራ ብቻ የሚፈቀድበት ነው። በውጭ ያለው ሰው የሚሰፍርበት፣ የሚሠራበትና የሚነግድበት ነው።

ይህ አከፋፈል ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። በዘጌ እንደምናየው ያለ ክብ ቤተ ክርስቲያንም ሦስት ክፍል አለው። መቅደሱ ታቦቱ ያለበትና ካህናትና ዲያቆናት ብቻ የሚገቡበት ነው። ቅድስቱ ምእመናን ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን የሚቀበሉበት ነው። ቅኔ ማኅሌቱ ሊቃውንቱ በማሕሌት የሚያገለግሉበት ነው። ከዚህም ውጭ ዐጸዱ አለ። አንዱ ክፍል ሌላውን ይጠብቀዋል እንጂ አያገለውም። ንጽጽሩ ለአሠራር አብነት ያህል እንጂ ምሥጢሩን ከአስተዳደር ጋር ለማስተካከል እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልን።

ከዚህ አንጻር አንድ ደብር ወይም ገዳም ስለ ቱሪዝም ሲያቅድ ሦስት ጥያቄዎችን አስቀድሞ ይመልስ።

ፈጽሞ የማይነካው ምንድን ነው? መቅደሱ፣ ንዋያተ ቅድሳቱ፣ የጸሎትና የአርምሞ ሰዓቱ፣ የመነኮሳቱ በኣት በዚህ ውስጥ ይገባሉ። እነዚህ በምንም ዋጋ ለጉብኝት አይቀርቡም።

በሥርዐት የሚታየው ምንድን ነው? የግድግዳው ሥዕል፣ ዕቃ ቤቱ፣ የተመረጡ መጻሕፍት በአስረጅና በተወሰነ ሰዓት ይታያሉ።

ለሥራና ለገበያ ክፍት የሚሆነውስ የት ነው? የጀልባው ወደብ፣ የእግር መንገዱ፣ የቡናና የዕደ ጥበብ መሸጫው፣ የእንግዳ ማረፊያው ከዐጸዱ ውጭ ቦታ ይሰጣቸዋል።

ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጠረው ሦስቱ ሲደበላለቁ ነው። ገበያው ዐጸዱ ውስጥ ሲገባ፣ ካሜራው ቅዳሴ መካከል ሲበራ፣ ዕቃ ቤቱ ያለ መዝገብ ሲከፈት ሥርዐቱ ይፈርሳል።

4. እንግዳው ምን ያመጣል? ምንስ ይወስዳል?

እንግዳን መቀበል የክርስቲያን ግዴታ ነው፤ አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር እንግዶችን እንደ ተቀበለ እናስታውሳለን። ጎብኚ ወደ ዘጌ ሲመጣ የመግቢያ ክፍያ ለገዳሙ፣ የአገልግሎት ዋጋ ለአስጎብኚውና ለጀልባ ባለቤቱ፣ የዕቃ ዋጋ ለሻጩ ያስገኛል። ሀገሩ ተመልሶም ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ይመሰክራል።

ነገር ግን እንግዳ ሳያውቅ የሚወስደውም አለ። በዘጌ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደሱ ውጫዊ ግድግዳ ሥዕሎች አብዛኞቹ በሸማ ላይ ተሥለው የተለጠፉ ናቸው። የእጅ ንክኪ፣ የካሜራ ብልጭታና የእርጥበት መፈራረቅ ቀለማቸውን ያደክማል። ሕፃናት ከትምህርት ቤት ቀርተው እንግዳ ተከትለው መዋልን ይለምዳሉ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ንዋየ ቅድሳት የገንዘብ ዋጋ እንዳላቸው ክፉ ዓይን ማየቱ ነው። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል ባሕር ተሻግሮ ቤልጅየማዊ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ እንደ ነበር፣ ኋላም በብዙ ድካም እንደ ተመለሰ ይታወሳል። መስቀሉ ስመ ጥር ባይሆን ኖሮ የማን እንደሆነ ማስረዳት ምንኛ በከበደ ነበር! ስም የሌላቸውና ያልተመዘገቡ ስንት መስቀሎች በየዕቃ ቤቱ እንዳሉ እናስብ።

ሌላው የሚያሳስበው የገቢው መንገድ ነው። አብዛኛው ጎብኚ በዑራ ወደብ ወርዶ አንድ ወይም ሁለት አብያተ ክርስቲያናትን አይቶ በዚያው ቀን ወደ ባሕር ዳር ይመለሳል። ምሳውን የሚበላው፣ የሚያድረው፣ ቡናውን የሚጠጣው በከተማው ነው። በባሕረ ገብ መሬቱ ውስጠኛ ክፍል ያሉት ደብሮች ደኑን እኩል ይጠብቃሉ፤ የእንግዳውን ፊት ግን እምብዛም አያዩም። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው የአበው ብሂል ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ አንድ ቀላል ጥናት በራሱ እንዲያደርግ እንመክራለን። የአንድን እንግዳ ብር ከመነሻው እስከ መድረሻው በወረቀት ላይ ይከተል። ለጀልባው ስንት ከፈለ? ለአስጎብኚው ስንት? ለመግቢያ ስንት? ለቡናና ለምግብ ስንት፣ ለማንስ? በየመሥመሩ አጠገብ «ይህ ሰው በደኑ ውስጥ ይኖራልን?» የሚል ጥያቄ ይጻፍ። መልሱ በአብዛኛው «አይኖርም» የሚል ከሆነ፣ ቱሪዝሙ ቅርሱን የሚበላ እንጂ የሚመግብ አልሆነም ማለት ነው።

5. እንግዳው ሲቀር

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሮና ወረርሽኝ፣ ቀጥሎም በጦርነትና በጸጥታ መታወክ ምክንያት ወደ ሰሜኑ የሀገራችን ክፍል የሚመጣው ጎብኚ እጅግ ቀነሰ። ጀልባዎች ቆሙ፤ አስጎብኚዎች ሥራ ፈቱ፤ ዕደ ጥበብ ሻጮች ዕቃቸውን ጠቅልለው ተቀመጡ። ይህ ጊዜ በቱሪዝም ብቻ የቆመ ኑሮ ምን ያህል እንደሚናጋ ለሁላችንም አሳይቶናል።

በዘጌ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ሌላው ገበሬ ገበያ ሲጠፋ ወደ እርሻው ይመለሳል። በጥንቱ ሥርዐት የኖረው የዘጌ ሰው ግን የሚመለስበት እርሻ የለውም። ቡናው ሳይሰጥ ሲቀር ወይም ዋጋው ሲወድቅ፣ እንግዳውም ሲጠፋ በእጁ የሚቀረው ዛፉ ነው። ከዘጌ በደንገል ታንኳ ተጭኖ ባሕር ዳር የሚሸጥ የማገዶ እንጨት ከጥንት የነበረ የኑሮ መደጎሚያ ነው። ችግር ሲጸና ግን የወደቀውን ለቅሞ መሸጥ የቆመውን ወደ መቁረጥ ይለወጣል።

እዚህ ላይ ለኅሊናችን የሚቀርብ ጥያቄ አለ። ደኑን ለእኛ ያቆየልን ሥርዐት ያንኑ ሕዝብ ያለ እርሻ ያኖረ ሥርዐት ነው። ከተማ ተቀምጠን የደኑን አየር የምናደንቅ፣ ሥዕሉን ፎቶ አንሥተን የምንመለስ ሁሉ የዚህ ሕዝብ ባለ ዕዳዎች ነን። የተራበውን ሰው «ዛፉን አትቁረጥ» ብሎ መገሠጽ ቀላል ነው። ጥንታዊው ሥርዐት ግን እንዲህ አላደረገም፤ ክልከላውን ከመተዳደሪያ ጋር ሰጠ እንጂ። እኛም ክልከላውን ብቻ ወርሰን መተዳደሪያውን ከተውን የአባቶችን ሥራ ግማሹን ብቻ ያዝን ማለት ነው።

የሐይቁም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። እምቦጭ አረም በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በጣና ሰሜን ምሥራቃዊ ዳርቻ ከታየ ወዲህ የዓሣ አጥማጁን፣ የከብት አርቢውንና የገዳማቱን ኑሮ በአንድነት ነክቷል። የአንዱን ደሴት ቅርስ ለመጠበቅ ወደ ሐይቁ የሚገቡትን ወንዞችና ከላይ ያለውን እርሻ ጭምር ማሰብ የግድ ሆኗል። አንድ ገዳም ብቻውን አይድንም የምንለው ስለዚህ ነው።

6. ከየት እንጀምር?

የሚከተሉት ሥራዎች ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ፣ በየትኛውም ደብር ሊጀመሩ የሚችሉ ናቸው።

ምዝገባ። ንዋያተ ቅድሳት፣ መጻሕፍትና ሥዕላት እያንዳንዳቸው በቁጥር፣ በመጠን፣ በመለያ ምልክትና በፎቶግራፍ ይመዝገቡ። መዝገቡ በደብሩ ብቻ ሳይወሰን አንዱ ቅጂ በወረዳ ቤተ ክህነት፣ ሌላው በሀገረ ስብከት ይቀመጥ። ፎቶግራፉ ለሕዝብ እንዳይሰራጭ ጥንቃቄ ይደረግ።

ድንበር ማጽናት። በደቡብ ጎንደር ከአንድ ሺህ በላይ አብያተ ክርስቲያናት የየራሳቸው ደን አላቸው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህ ደኖች ለሀገር በቀል ዛፎች ምን ያህል መጠለያ እንደሆኑ በጥናታቸው አስገንዝበዋል። በአንዳንዶቹም ዙሪያ የድንጋይ ካብ ተሠርቷል። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ እየተለቀመ ስለሚመጣ ማሳው ይጠራል፤ ካቡም ከብትን ከችግኙ ይከለክላል። አንድ ሥራ ሁለት ጥቅም ሰጠ ማለት ነው።

የገቢ ድርሻን በጽሑፍ መወሰን። ከመግቢያ ክፍያ ለቤተ ክርስቲያኑ እድሳት፣ ለአገልጋዮች፣ ለደን ጥበቃና በአካባቢው ላሉ ሌሎች ደብሮች ምን ያህል እንደሚውል በሰበካ ጉባኤ ተወስኖ ለምእመናን ይነገር። በየሩብ ዓመቱም ሒሳቡ በዐውደ ምሕረት ይነበብ። በጨለማ የሚቆጠር ገንዘብ ሐሜትን ይወልዳል፤ ሐሜትም ጠባቂውን ከጥበቃው ያርቀዋል።

መንገዱን ማብዛት። እንግዳው ከወደቡ ተነሥቶ በደኑ ውስጥ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው በእግር የሚሄድበት፣ በመንገዱም የአካባቢውን ቡና ከአምራቹ ቤት የሚጠጣበት ጉዞ ይዘጋጅ። የአንድ ሰዓት ጉብኝት የአንድ ቀን ቆይታ ሲሆን በረከቱ ለብዙዎች ይዳረሳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ የብዙ እንግዳ ጫና በአንድ ደብር ላይ ብቻ አይውደቅ።

የእንግዳ ሥርዐት። አለባበስ፣ ጫማ ማውለቅ፣ ብልጭታ መከልከል፣ የቅዳሴ ሰዓት በሚነበብ ጽሑፍ ይገለጹ። እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች በማይገቡባቸው ገዳማት ሥርዐቱ ጀልባው ከመነሣቱ በፊት በአክብሮት ይነገር። እኅቶቻችን ሐይቅ አቋርጠው ከደረሱ በኋላ በወደብ ላይ ማሳፈር ከእንግዳ ተቀባይነት ሥርዐት ውጭ ነው።

ለክፉ ቀን ማስቀመጥ። እንግዳ በሚበዛበት ወራት ከሚገኘው ገቢ የተወሰነው እንግዳ ለሚጠፋበት ጊዜ ይቀመጥ። በተጨማሪም የቡና ጥራት ማሻሻል፣ የንብ ማነብ፣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃና የችግኝ ጣቢያ ከቱሪዝሙ ጎን ይቁሙ። ጎብኚ ቢመጣ ምርቃት፣ ባይመጣ ግን ኑሮ የማይቆምበት አካባቢ ነው ቅርሱን ሊጠብቅ የሚችለው።

ማጠቃለያ

ቅርስን የሚጠብቀው ከሁሉ በፊት በቅርሱ ውስጥ የሚኖረው ሰው ነው። ዘጌ ይህን የሚመሰክር ሕያው መጽሐፍ ነው። ደኑ፣ ቡናው፣ ሥዕሉና ጸሎቱ የተጠበቁት ተለያይተው ሳይሆን ተያይዘው ነው። ቱሪዝም ይህን ትስስር የሚያጠብቅ ከሆነ እንግዳ ሆኖ ይግባ፤ የሚፈታ ከሆነ ግን ሥርዐት ይበጅለት። የእኛ ድርሻ አባቶች «ይህን አትንኩ» ባሉበት አፍ «በዚህ ኑሩ» ማለታቸውን ሳንረሳ፣ ሁለቱንም ቃል ለሚመጣው ትውልድ ማስረከብ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችሁ በምንም ዋጋ የማይነካው፣ በሥርዐት የሚታየው፣ ለሥራ ክፍት የሚሆነው ምን ምን ነው? በሦስት ረድፍ ጻፉ።

2. በደብራችሁ ያሉ ንዋያተ ቅድሳት ዛሬ ቢጠፉ የእናንተ መሆናቸውን በምን ማስረጃ ታስረዳላችሁ?

3. ከጎብኚ ወይም ከበዓል ተሳላሚ የሚገኘው ገቢ በደኑና በቅርሱ ዙሪያ ለሚኖሩት ምን ያህል ይደርሳል?

4. በአካባቢያችሁ «አታድርጉ» የተባለና ሰው ግን በችግር ምክንያት የሚያደርገው ነገር ምንድን ነው? ከክልከላው ጋር ምን መተዳደሪያ ልታቀርቡ ትችላላችሁ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።